ቤ ወይስ ሃ

በእኛ ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ወንበር የሚወርስ ሰው የአሮጌውን የዜማ አለቃ ሴት ልጅም አብሮ ይወርሳል። ሕግ አይደለም፣ የተጻፈበት ቦታም የለም፤ ግን በጀርመን አገር ከቱሪንገን ተራሮች እስከ ሰሜኑ ባሕር ድረስ ያለ ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል። ወንበሩን የፈለገ ልጅቷን ያገባል። ልጅቷን ያልፈለገ ሌላ ከተማ ሄዶ ዕድሉን ይሞክራል። ስለዚህ እኔ ሬጊና ኤመርሊንግ ከቧንቧውና ከወናፉ ጋር ርክክብ የተደረገብኝ ሴት ነኝ። አልተቀየምኩም። ብቀየምስ ማን ይሰማኛል?

ቲልማን ለፈተና መጥቶ፣ ኦርጋኑን ተጫውቶ ደረጃውን ሲወርድ አባቴ ከታች ቆሞ ጠበቀው። ያኔ ዓይኑ ገና ጥላ ጥላውን ይለይ ነበር።

«ወንበሩ ትንሽ ይቆረቁራል» አለው።

«አይቻለሁ» አለ ቲልማን።

«ልጄም እንደዚያው ናት።»

ቲልማን ወደ እኔ አየት አደረገና «እንግዲያው ትራስ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ጋብቻው በዚያው አለቀ። ጥሩ ባል ነው ቲልማን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለውን ስትሰሙ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ እንዳትደፉበት ብዬ ነው። ሰው እንደሆነ ጥፋት የሚደፋበት ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ችግሩ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ማሰሮ እየበሉ በሁለት ዘመን ውስጥ መኖራቸው ነበር። በአባቴ ሙዚቃ አራት ድምፅ ካለ አራቱም ይናገራሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ያንኑ ነገር ይዞ ይገባል፣ ሦስተኛው አይሆንም ይላል፣ አራተኛው ከታች ሆኖ ያስታርቃል። ማንም የማንም አሽከር አይደለም። ቲልማን ከድሬስደን ይዞት የመጣው ግን አዲሱ ዓይነት ነው። ከላይ አንድ ጣፋጭ ዜማ ይዘፍናል፣ የቀሩት ከሥር ቀስ ብለው ያጅቡታል። ሰው አንዴ ሰምቶ እያፏጨው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«አንዱ ያወራል፣ ሦስቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ» ይል ነበር አባቴ ምሳ ላይ፣ በሹካው ቋሊማውን ሳህኑ ላይ እየፈለገ። «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ የመስፍኑ ግቢ?»

«አራት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ እኮ አባባ፣ ገበያ ነው የሚባለው» ይላል ቲልማን።

«ገበያ ቢያንስ የሚበላ ነገር ይገኝበታል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሾርባው ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል ዳቦ እያቀበልኩ «ብሉ እንግዲህ፣ ኦርጋን አይበላ» እላለሁ። ጠባቸው የእውነት ጠብ አልነበረም። ቲልማን ሳይኖር አባቴ የቲልማንን ዜማ በከንፈሩ ሲያፏጭ ይዤዋለሁ። «ምንድነው የምታፏጨው?» ስለው «ጥርሴን እየነፋሁ ነው» አለኝ። ጥርስ የለውም።

አንድ ቀን ቲልማን ከፈረንሳይ የመጣ ጋዜጣ ላይ ያየውን አዲስ ስድብ ይዞ መጣ። አባቴ ፊት ለመናገር አላሰበም፤ ምሳ ላይ ሲጨቃጨቁ ከአፉ አመለጠው።

«እንደ እርስዎ ያለውን ሙዚቃ አሁን ባሮክ ነው የሚሉት።»

«ምን ማለት ነው?»

ቲልማን ጆሮው ቀላ። «ጠማማ ሉል ማለት ነው አሉ። ቅርጹ የተበላሸ።»

አባቴ ማኘኩን አቆመ። እኔ ባሌን በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

«ሉል ነው ግን?» አለ አባቴ።

«ሉልስ ሉል ነው።»

«እንግዲያው ይጥመም» ብሎ መብላቱን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የእኔ አባት የእኔን ሙዚቃ ሲሰማ፣ የተሠራለት መንገድ እያለ አጥር የሚዘል ፍየል ነህ ይለኝ ነበር» አለ። «አንተም ቆይ፣ ወንድ ልጅ ወልደህ ይደግ። ‹አባዬ፣ አንተ እኮ ስታለቅስ እንኳ እየለካህ ነው› ይልሃል። ያን ቀን እኔ መቃብሬ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ።»

መቃብሩን ያነሳው በቀልድ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሙዚቀኛ የሆነ ሰው የቀብሩን ዝማሬ ለሌላ አይተውም፤ ጤናው ሳለ ራሱ ሠርቶ ያስቀምጣል። አባቴ ይህን ሲያስብ ዓይኑ ጨርሶ ጨልሞ ነበር። ስለዚህ ባለፈው ፀደይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። እኛ ድምፅን በፊደል ስም ነው የምንጠራው። ከነዚህ ፊደላት ውስጥ ቤ እና ሃ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። ቤ ዝቅ ትላለች፣ ታዝናለች። ሃ ከፍ ይላል፣ ይዋጋል። ቤ እና ሃን ያምታታ የሙዚቀኛ ልጅ በእኛ ቤት እራት አይበላም ነበር።

ቃሉንም ራሱ አባቴ ነው የደረሰው፤ አጭር ነው። ደክሞኛል ጌታዬ፣ አሁን አሳርፈኝ፣ ይላል። ድምፆቹ እየተቀባበሉ፣ እየተከራከሩ መጥተው መጨረሻው «አሳርፈኝ» ላይ ስንደርስ ብዕሬን አነሳሁ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ እኮ ድምፁ ይፋጫል» አልኩት።

«ይፋጭ።»

«ቃሉ እኮ ‹አሳርፈኝ› ነው።»

እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋ። ከዚያ «እናትሽ ስትሞት የት ነበርሽ?» አለኝ።

«ማድ ቤት። ውሃ ላሞቅ ሄጄ።»

«እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከማረፏ በፊት እጄን ጨበጠችኝ፤ አጥንቴን እስኪያመኝ። ያ ክስት ያለ እጅ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አላውቅም። ከዚያ ለቀቀችኝ። ዕረፍት ዝም ብሎ እንደ ላባ ትራስ የሚመጣ ይመስልሻል? መጀመሪያ ይጨብጥሻል። ያን ነው ያስገባሁት። አሁን የምልሽን ጻፊ።»

የፊደሉን ስም ነገረኝ፤ እንዳልሳሳት ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ። ጻፍኩት። እናቴ እጇ እንዲህ እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አባቴ «ቃል ግቢልኝ፣ እንደጻፍሽው ይዘመራል» አለኝ፤ ገባሁለት። ቲልማንም ማታ ሲመጣ ገባለት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰንብቶ አዲሱ ዋና ቄስ ክናውት ወደ ከተማችን መጡ። ክናውት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቶሎ የሚሰለቹ ሰው ናቸው። ጸሎቱ ይጠር፣ ዝማሬው ይቅለል፣ ሰው ቃሉን ይስማ አሉ። የድሮውን፣ የተጠላለፈውን ሙዚቃ ሁሉ ወደ ሳጥኑ መልሱት አሉ። ቲልማን እሺ አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ምሳ ላይ ጠረጴዛውን በዱላው መታና «ሙሽራው፣ አንተ ወኔ የለህም?» አለው። ቲልማን በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። አባቴ ክፍሉ ገብቶ ቆለፈ። እኔ የፈሰሰውን ሾርባ ስጠርግ ዋልኩ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ነው እንግዲህ። ቲልማን ተመለሰ፤ ክላቪኮርዱ፣ ያ ድምፀ ቀጭኑ የቤታችን ባለ ቁልፍ መሣሪያ አጠገብ ተቀምጦ የአባቴን የቀብር ዝማሬ አውጥቶ ያነብ ጀመር። ለመታረቅ ብሎ ነው ያወጣው፤ ለመዘምራን ልጆቹ ሊያስጠናላቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቁልፎቹን ነካ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ደግሞ ነካ።

«ሬጊና፣ እዚህ ጋ አባባ ያሉሽን በደንብ ሰምተሻል?»

በደንብ ሰምቻለሁ። የእናቴን እጅ ሁሉ ሰምቻለሁ። ግን ያን ቀን ሁለት ወንዶች ሲጯጯሁ ውዬ ራሴን አሞኝ ነበር። አዎ ካልኩት ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሳል፤ አባባን እንጠይቃቸው ይባላል፣ አባቴ ስህተት አገኘህብኝ ብሎ ይቆጣል፣ በር ይወረወራል። ስለዚህ ድስቴን እያጠብኩ፣ ዞሬም ሳላየው፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቲልማን «እኔም ብያለሁ፣ በጤናው እንዲህ የሚጽፍ የለም» ብሎ የብዕር መቅረጫ ቢላውን አወጣና ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ፋቀው። ፋቅ ፋቅ የሚለው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሳህን አጠብኩ።

የአባቴ ሙዚቃ ደግሞ እንደ በእጅ የተሠራ ካልሲ ነው። አንዲት ዐይን ከለቀቅህ የቀረው ተከታትሎ ይተረተራል። ያቺ አንዲት ድምፅ ስትቀየር አጠገቧ ያለው ትርጉም አጣ፣ እሱም በሌላ ወረቀት ላይ ተቀየረ። ከዚያ መካከለኞቹ ድምፆች በዝተዋል ተባለ። ከዚያ የሚቀባበለው ክርክር ለልጆቹ ይከብዳል ተባለ። በሳምንቱ ከአባቴ የቀረው ቃሉ ብቻ ሆነ፤ ከላይ አንድ ዜማ ነበር፣ ከሥሩ የሚነቀንቁ ሦስት ድምፆች። ቲልማን አንድ ከሰዓት በኋላ በክላቪኮርዱ ሲጫወተው ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ መተኮሻውን አስቀምጬ አለቀስኩ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

«ቃል ገብተንለታል እኮ» አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ሰው እንዲያለቅስላቸው ነው ቃል የገባነው። እንደጻፉት ብንዘምረው ሰው ይስላል፣ በሩን ያያል፣ ክናውት ሰዓታቸውን ያወጣሉ። ይሄን ትፈልጊያለሽ? አንቺ ራስሽ አሁን አለቀስሽ አይደል?»

«አለቀስኩ።»

«አባባ ደግሞ አይሰሙትም። የሚዘመረው ሲሞቱ ነው።»

ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አባቴ ከላይኛው ፎቅ ተኝቶ ነበርና። እኔም መተኮሻዬን አነሳሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የአባቴን ሙዚቃ አከብረው ነበር እንጂ አልወደውም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ከባድ ካፖርት እንደለበስኩ ነው የሚሰማኝ። የቲልማንን ስሰማ መስኮት የተከፈተ ይመስለኛል። አንድ ሰው የአባቱን ነገር አልወድም ብሎ መናገር ይችላል፤ ኃጢአት የለበትም። እኔ ግን ሳልናገር በባሌ ቢላ አስፋቅኩት። ልጆቹ ያን ጣፋጩን አጠኑ፤ በጋው አለፈ።

መኸር ላይ አባቴ ደረቱን ታመመና ተኛ። ሐኪሙ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ያን ዕለት «ልጄ፣ ዝማሬዬን አሰሚኝ» አለኝ።

«የቀብሩን?»

«ለሞተ ጆሮ ምን ያደርግለታል? አሁን ልስማው። ልጆቹን አምጪና መስኮቱ ሥር ይዘምሩልኝ።»

በእኛ ከተማ ሰው ሲታመም የትምህርት ቤቱ መዘምራን መስኮቱ ሥር ቆመው ይዘምሩለታል፤ ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። ልጆቹ ግን የሚያውቁት ጣፋጩን ብቻ ነው።

«ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸዋል» አልኩት።

በማግስቱ ደግሞ ጠየቀኝ። «ፖም ለቀማ ወጥተዋል» አልኩት።

«በጉንፋናቸው?»

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። እሱም አልገፋበትም። አባቴ ሰው ሲዋሽ መሸሻ መንገድ ይተውለታል፤ ልማዱ ነው።

ግን አባቴ ዓይኑ እንጂ አፉ አልታሰረም። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ማድ ቤት ሆኜ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሰማቸውና ከአልጋው ላይ ሆኖ መስኮቱን በዱላው ገፍቶ ከፈተ። «ልጆች፣ የእኔን የቀብር ዝማሬ አጥንታችሁታል?» ሲል ከታች ሰማሁ። «አጥንተናል፣ የዜማ አለቃ» አሉ በደስታ። ሊጥ በእጄ እንዳለ ደረጃውን ሮጥኩ። ሳልደርስ ጀመሩ።

በሩ ላይ ቆምኩ። አባቴ ትራሱን ተደግፎ፣ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሆኖ፣ በጣቶቹ የየድምፁን መግቢያ እየጠበቀ ነበር። አንድ ጣት አነሳ፤ ሁለተኛው ድምፅ መግባት የነበረበት ቦታ ነው። አልገባም። ጣቱ እንደተነሳ ቀረ። ሌላ ጣት አነሳ። ያም አልገባም። ልጆቹ ጣፋጩን ዜማ እንደ ማር እያወረዱ «አሳርፈኝ» ላይ ደረሱ፤ ለስላሳ ነበር፣ አንድም የሚጨብጥ ነገር የለውም። አለቀ። አባቴ እጁን ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባ።

«ያምራል» አለ። «የማን ነው?»

«የቲልማን» አልኩት።

«ቃሉ የእኔን ይመስላል።»

«ቃሉን ከአንተ ወስዶ ነው።»

«ይውሰድ። ቃል የማንም ነው።» ትንሽ አሰበ። «ጎበዝ ነው ልጁ። በጣም ጎበዝ ነው። ለራሱ ቀብር ያስቀምጠው። አሁን የእኔን ይዘምሩልኝ።»

ወረድኩ። ልጆቹ «ወደዱት?» ብለው ጠየቁኝ። ወዶታል፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አልኳቸው። ተመልሼ ወጥቼ አባቴን «እናቶቻቸው ጠርተዋቸው ሄዱ፤ ነገ ይመጣሉ» አልኩት።

«ነገ» አለ አባቴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። የሆነውን ሁሉ ያወቀ ይመስለኛል። ካላወቀም የሚያውቅበትን በር እኔ በእጄ ዘጋሁበት።

ለቲልማን ነገርኩት። ለራሱ ቀብር ያስቀምጠው ያለውን ሳይቀር ነገርኩት። ቲልማን ወንበር ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ልጆቹ የድሮውን በአንድ ቀን ሊያጠኑት አይችሉም፤ ስለዚህ በአባቴ እጅ ያደጉትን አሮጌ ዘማሪዎች ቤት ለቤት ሰበሰበ። አንጥረኛውን ያስፐርን ከመዶሻው ነጠቀው፤ ወፍጮ ቤት ያለውን ፋይትን ዱቄት እንደለበሰ አመጣው፤ ሌሎቹም መጡ። ሰዎቹ «ክናውትስ?» ሲሉት «ክናውት ይወቁኝ» አለ። ባሌን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሰዎቹ ለልምምድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቲልማን የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች፣ እኔ የጻፍኳቸውን፣ ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ። የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ያዘ። ወረቀቱ እዚያ ጋ ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል።

«ሬጊና፣ ቤ ነበር ወይስ ሃ?»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ቤ ቢሆን ከሥሩ ካለው ድምፅ ጋር ይፋጫል። ሃ ቢሆን ከላዩ ካለው ጋር ይፋጫል። ሁለቱም ያማሉ፤ ግን አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም። እኔ የማስታውሰው የእናቴን እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣፋጩን ስሰማ ከርሜ ጆሮዬ ላይ ተቀብቶበታል።

«አንተ ነህ የፋቅከው፣ አታስታውስም?» አልኩት።

«ስህተት መስሎኝ ነው የፋቅኩት። ስህተትን ማን ያስታውሳል?»

«አባባን ጠይቃቸው።»

«እኔ ከጠየቅኳቸው እንደፋቅኩት ያውቃሉ።»

«እኔም ከጠየቅኩት እንደዋሸሁ ያውቃል።»

ቲልማን ወረቀቱን አጠፈና «ልጃቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። ልጁ እኔ ነኝ።

ሾርባ ይዤ ወጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንኪያውን አፉ ድረስ አደረስኩ። ዋጠ። እንደገና አቀረብኩለት። እጁን አንስቶ አንጓዬን ያዘኝ።

«ሌባ ነው እንዲህ የሚተነፍሰው» አለ። «ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

በሩ ክፍት ነበር፤ ማንም ሰው አልነበረም። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀ። ቁጣ አልነበረበትም። አንዲት ፊደል ናት። ልሳኔ ላይ ነበረች።

«ሾርባው ጨው ያንሰዋል?» አልኩት።

«ያንሰዋል» አለ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አንጓዬን ለቀቀኝ። ነገ ጠዋት እጠይቀዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሲነጋ፣ ዕረፍት ሲያገኝ፣ እኔም ድፍረት ሳገኝ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ጠዋትን ያምናል።

ሲነጋ አባቴ መናገር አቅቶት ነበር። ትንፋሹ ከደረቱ ሳይሆን ከጉሮሮው ይወጣል። ሰዎቹ ማዶ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተሰብስበው ቆመዋል፣ ያስፐር ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ ቲልማን በሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። መስኮቱን ከፍተን ለመዘመር ያቺ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረችን። ተንበረከክኩ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምናልባት ተሳስቻለሁ እንዳልኩ፣ እንዳልተሳሳትኩ፣ ቲልማን እንደፋቀው፣ እኔ ሳህን እያጠብኩ እንደሰማሁት፣ ልጆቹ የዘመሩት ምን እንደነበረ። እየተንተባተብኩ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ። ሰምቶኝ ይሁን አልሰማኝ አላውቅም። ዓይኑማ ድሮም አይናገርም።

«ይቅር በለኝ አባባ። አሁን ንገረኝ። ቤ ነው ወይስ ሃ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሃ…» አለ።

ረጅም ነበር፣ ሙቀቱ ጆሮዬን ነካው። ቀጣዩን ትንፋሽ እንዲስብ ጠበቅኩ። አልሳበም።

«ምን አሉ?» አለ ቲልማን ከበሩ።

«ሃ» አልኩ።

ቲልማን «ሃ፣ ሃ» እያለ ደረጃውን ሮጦ ወረደ፤ አባቴ መሞቱን አላየም ነበር። ማዶ ለሰዎቹ ሲነግራቸው ሰማሁት። ወዲያው መስኮቱ ሥር መጥተው ዘመሩ። እኔ የአባቴን አገጭ በመሀረብ እያሰርኩ ነበር።

በቀብሩ ቀን እንደገና ዘመሩት። ክናውት ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ግን መቃብር ላይ ሰው ምን ይላል? አራቱም ድምፅ ተናገረ። ሰዎቹ አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ይሰነጣጠቃል፣ ግን ማንም የማንም አሽከር አልነበረም። መጨረሻው «አሳርፈኝ» ላይ የያስፐር ሃ ከላይኛው ድምፅ ጋር ተጋጨ፤ ሰው ሁሉ ቀና አለ፣ አንዲት ሴት ደረቷን ያዘች። ከዚያ ግጭቱ ተፈታ፣ ጸጥ አለ። ዕረፍት የሚባለው ዓይነት ጸጥታ። ያስፐር በኋላ ወደ እኔ መጥቶ በዚያ በትልቁ እጁ እንባውን እየጠረገ «እዚያ ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ክንዴን ጨበጠኝ» አለኝ። «ከእሱ በቀር እንዲህ የሚጽፍ የለም።» ራሴን ነቀነቅሁ።

ቲልማን ቤት ስንገባ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና የተፋቀው ቦታ ላይ በወፍራም ቀለም ሃን ጻፈባት። አሸዋ ነሰነሰባት፣ እፍ አላት። «ከአባባ ጋር ታረቅን» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፉ ጥሩ ነው፤ ቁርሱንም ይበላል። ጣፋጩን ዝማሬ ለማንም አያሰማም። ለእኔም ይቀልለኝ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ይቀልለኛል እላለሁ። የሚያስጨንቀኝን ብነግረው ይህንንም ሰላሙን ልነጥቀው ነው፤ አንድ ሰው በቤቱ ሰላም ይኑረው እንግዲህ።

ግን ሃ ማለት የፊደል ስም ብቻ አይደለም። ደረት ባዶ ሲሆን የሚወጣው ትንፋሽም ሃ ነው። በየአገሩ ያለ ሰው፣ ሙዚቃ የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ ሲሞት የሚለው ይህንኑ ነው። አባቴ መልስ ሰጥቶኝ ይሁን ነፍሱ ወጥታ፣ እኔ አልለየሁትም። ቤ ከነበረ፣ በእናቴ እጅ ፈንታ ሌላ ነገር መቃብሩ ላይ ጮኸንበት፤ ያስፐርን ክንዱን የጨበጠው የእኔ ውሸት ነው። ይህን ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ አንጓዬን ይዞ ጠይቂኝ ብሎኝ ነበር። እኔ ስለ ጨው ጠየቅኩት።